ድርጅታችንን ማን ይምራው?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላቸው ጎረቤታችን፣ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ያለባቸውን አረጋውያን ቤት ለቤት እየዞሩ መከታተል ጀመሩ። እኛም ተሰባስበን ሥራቸውን በበጎ አድራጎት ድርጅትነት አስመዘገብነው። ዛሬ ሲስተር የቦርዱ ሰብሳቢም፣ ሥራ አስኪያጅም፣ ቼክ ፈራሚም ናቸው። ቅንነታቸውን የሚጠራጠር የለም፤ ነገር ግን ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ሥራውም በዝቷል። ኃላፊነቱ ይከፈል ስንል ቅር የተሰኙ ይመስለኛል። በቅርቡ ደግሞ ውጭ አገር የሚኖር አንድ የሰፈራችን ልጅ ክሊኒክ ላሠራላችሁ ብሎ ቃል ገብቷል። ከፊሎቻችን ክሊኒኩን እንፈልጋለን፤ ሲስተር ግን ጤና ጣቢያ እያለ ክሊኒክ ምን ያደርግልናል ይላሉ። እንዲህ ያለ ድርጅት መሪዎቹን እንዴት ይምረጥ? መሪዎቹስ ምኑን ያስቀድሙ?

የድርጅቱ ጸሐፊ

መልስ፦ ያነሧቸው ጉዳዮች ሁለት ቢመስሉም እኛ አንድ አድርገን አይተናቸዋል። ለእንዲህ ያለ ድርጅት የሚበጀው መሪ፣ ሕመምተኛው ከሕክምና የሚቀረው ለምን እንደሆነ ከራሱ ከሕመምተኛው ሰምቶ የሚወስን ሰው ነው። ክሊኒኩ ይሠራ ወይስ ይቅር የሚለውም፣ ማን ሰብሳቢ ይሁን የሚለውም በዚሁ ቢለካ መልስ ያገኛል።

ከክሊኒኩ እንጀምር። በከተማ አንድ ጤና ጣቢያ ወደ 40,000 ለሚጠጋ ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ የሚቋቋም ሲሆን፣ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በብዛት በተሠሩባቸው የከተማዋ ዳርቻዎች የነዋሪው ቁጥር ከአገልግሎቱ ቀድሞ እንደሚያድግ እናውቃለን፤ ስለዚህ ክሊኒክ የሚፈልጉት አባላት የሚሉት መሠረት አለው። ይሁን እንጂ ለጋሹ ሕንፃውን የሚያሠራው አንድ ጊዜ ነው። የባለሙያ ደመወዝ፣ የመድኃኒት አቅርቦት፣ የፈቃድ እድሳት፣ የውኃና የመብራት ወጪ ግን በየወሩና በየዓመቱ ከእናንተ ይጠበቃል። ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ ደግሞ አረጋውያኑ ጤና ጣቢያ የማይሄዱት በርቀት ብቻ ነው ወይ የሚለው ነው። አንዲት እናት ታክሲ ተራ ድረስ መራመድ ስላልቻሉ፣ ሌላው መድኃኒቱ የለም፣ ውጭ ግዙ ተብለው ተስፋ ስለቆረጡ፣ ሌላዋ ደግሞ የምታጅባቸው ልጃቸው ከፋብሪካ ሥራዋ ፈቃድ ስለማታገኝ ቀርተው ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ መካከል ክሊኒክ ሊያቃልል የሚችለው ምናልባት የመጀመሪያውን ነው። ሲስተር ክሊኒኩን የሚቃወሙት ይህን በየቤቱ አይተው ከሆነ፣ ያዩትን ለቦርዱ በዝርዝር ያስረዱ፤ ቦርዱም አድምጦ በቃለ ጉባኤ ያስፍረው። ለጋሹም ቢሆን ገንዘቡ ለመድኃኒት፣ ለመጓጓዣና ለቤት ለቤት ክትትል ቢውል የሚያስገኘውን ውጤት ማወቅ ይገባዋል።

የደም ግፊት መድኃኒት በየቀኑ መወሰድ ያለበት ነው። ሕመሙ ለረጅም ጊዜ ስሜት ላይሰጥ ስለሚችል ሰዎች ዳንኩ ብለው ያቋርጡታል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው አንጎል ውስጥ ደም ሲፈስ ወይም ኩላሊት ሲደክም ነው። በየወሩ እየዞረ ግፊት የሚለካና መድኃኒቱ አለማለቁን የሚያረጋግጥ ሰው በዚህ ጉዳይ ከግንብ ይበልጣል ብለን በጽኑ እናምናለን።

መሪዎቻችሁ በቅድሚያ ሊያውቁት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በተመረጡ ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ በኋላ አዲስ አበባም ገብቷል። መደበኛ ደመወዝ የሌላቸው ቤተሰቦች ዓመታዊ መዋጮ ከፍለው በአባልነት የሚታከሙበት፣ መክፈል የማይችሉትን ደግሞ መንግሥት ከፍሎላቸው የሚታቀፉበት ሥርዓት ነው። የምትከታተሏቸው አረጋውያን መክፈል ከማይችሉት ዝርዝር ገብተው እንደሆነ ጠይቃችኋል? መታወቂያ በማጣት ወይም በተከራይነት ምክንያት ሳይመዘገቡ የቀሩ ካሉ፣ ስማቸውን ይዞ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ድረስ የሚመላለስ መሪ ያስፈልጋቸዋል። የመድን ካርድ የያዘ ሰውም ሕክምናውን ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ማለፍ እንዳለበት ካልተነገረው፣ በቀጥታ ሆስፒታል ሄዶ ከኪሱ ይከፍላል። ወሊድ፣ የሕፃናት ክትባትና የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ የሚሰጡ መሆናቸውንም የማያውቁ ቤተሰቦች ሞልተዋል። በዚህ ሁሉ የቅርብ አጋራችሁ የሰፈሩን እያንዳንዱን በር የምታውቀው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስለሆነች፣ ቦርዱ በየጊዜው ምክሯን ቢጠይቅ ይጠቀማል።

ወደ ኃላፊነት ክፍፍሉ እንለፍ። በዕድራችን ሰብሳቢው፣ ገንዘብ ያዡና ጸሐፊው የተለያዩ ሰዎች የሚሆኑት እርስ በርስ ስለማንተማመን አይደለም፤ አንዱ የሠራውን ሌላው እንዲያየው ነው። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በቦርድ በሚመራ ድርጅት የበላይ ወሳኙ አካል ቦርዱ ሲሆን ሥራ አስኪያጁ ተጠሪነቱ ለቦርዱ ነው። ሰብሳቢውና ሥራ አስኪያጁ አንድ ሰው ከሆኑ ተቆጣጣሪውም ቁጥጥር የሚደረግበትም ያው ሰው ስለሚሆን ቁጥጥሩ ይጠፋል፤ ነገ ኦዲተር ሲመጣም የሚጎዳው የሲስተር ስም ነው። ስለዚህ ቼክ በሁለት ሰዎች ጥምር ፊርማ ይውጣ፣ ሰብሳቢነቱም ለሌላ ይሰጥ። ሲስተር ከማንም የሚሻሉበትን ሥራ፣ ማለትም የቤት ለቤት ክትትሉንና የወጣት በጎ ፈቃደኞችን ሥልጠና፣ ይምሩ። ይህን በስብሰባ ላይ ድምፅ በማሰጠት አትጀምሩት። የሚያከብሯቸው ሁለት ሰዎች ቤታቸው ሄደው፣ የለፉበት ሥራ ከእሳቸው በኋላም እንዲቀጥል እንደሚፈለግ ያስረዷቸው።

ከቦርዱ ወንበሮች ቢያንስ አንዱን ለሚታከም ሰው ወይም ለአስታማሚ ስጡ። በሐኪሞቹ በሐምሊን ባልና ሚስት የተመሠረተው፣ በተራዘመ ምጥ የተጎዱ ሴቶችን የሚያክመው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ወደ ሐኪሞቹ የመጡት ለመታከም ነበር፤ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራቸው በሥራው ላይ እየተማሩ ራሳቸው የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና እስከ መሥራት ደርሰዋል። ሌሎች የታከሙ ሴቶችም በሆስፒታሉ በረዳት ነርስነት አገልግለዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው የሐምሊን አዋላጅ ነርሶች ኮሌጅም ተማሪዎቹን ከገጠር መልምሎ፣ አሠልጥኖ ወደየመጡበት አካባቢ ይልካል። ከሕመሙ ጋር የኖረ ሰው ሌላው የማያየውን ያያልና፣ የእናንተም ቦርድ ይህን ዓይን አያጣ።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ቤት ለቤት የምትዞር ነርስ ክፍያ ለዓላማ ማስፈጸሚያ የሚውል እንጂ የቢሮ ወጪ ስላልሆነ፣ ሒሳብ ሠራተኛችሁ ሁለቱን ከመጀመሪያው ለይቶ ይመዝግብ።

ጥያቄ፦ በአያት አካባቢ የምኖር የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ለድሆች ሕክምና ገንዘብ የሚያሰባስቡ ሰዎች ቤታችን ድረስ ይመጣሉ። መስጠት እፈልጋለሁ፤ መሪዎቹ እውነተኛ መሆናቸውን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተሰጣቸውን የምዝገባ የምስክር ወረቀት እንዲያሳዩዎት፣ ለሰጡትም ማኅተም ያለበት ደረሰኝ እንዲቆርጡልዎት ይጠይቁ። ያለፈውን ዓመት የኦዲት ሪፖርት ማየት ቢፈልጉ በደስታ ሊያሳዩዎት ይገባል። ከተቻለም በድርጅቱ የታከመ አንድ ሰው ፈልገው ያነጋግሩ፤ ወረቀቱ የማይናገረውን ከእሱ ይሰማሉ። ገንዘቡን እንዲያስገቡበት የተሰጠዎት የባንክ ሒሳብ በድርጅቱ ስም ሳይሆን በግለሰብ ስም የተከፈተ ከሆነ ግን፣ በድርጅቱ ስም የተከፈተ ሒሳብ እስኪያቀርቡ ድረስ ምንም አያስገቡ።