ጥያቄና መልስ፦ «ማንም አልረዳኝም» የሚሉ እጩዎች

ጥያቄ፦ ምርጫ ሲቃረብ ቤቴ የሚመጡት የእጩ ወረቀቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። አባት በልጅነት ሞተ፣ እናት ሁለት ሥራ ሠራች፣ ልጁ ሀምበርገር እየጠበሰ ተማረ፣ «ማንም አልረዳኝም»። ቀጥሎ ድጎማ ይቀነስ ይላሉ። እውነት መሆኑን በምን ላጣራ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ በችግሩ ላይ አይከራከሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። የሚዘለለው «ያን ጊዜ ማን ከፈለ?» የሚለው ነው። ስለዚህ ወረቀቱን እንደ ደረሰኝ ያንብቡት። አባት የሞተበትን ዓመት፣ የእጩውን ዕድሜ፣ ኮሌጅ የገባበትን ዓመት ከጎን ይጻፉ።

የቀድሞውን የሪፐብሊካን ፖለቲከኛ የፖል ራያንን ታሪክ ይውሰዱ። የተወለደው በ1970 ነው፤ አባቱ በ1986 ሲሞት 16 ዓመቱ ነበር። ማክዶናልድ መሥራቱ እውነት ነው። እስከ 18 ዓመቱ ድረስ የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት የጡረታ ዋስትና) የሟች ቤተሰብ ክፍያ ያገኝ እንደነበርና ገንዘቡን ለኮሌጅ እንዳስቀመጠም ራሱ ተናግሯል። በኋላ የምክር ቤቱ የበጀት ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኖ ለሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጥ የሕክምና ዋስትና) እና ለፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ ዕርዳታ) የሚወጣው ገንዘብ እንዲቀነስ ዕቅድ አቀረበ። ፕሮግራሞቹ የተለያዩ ስለሆኑ አቋሙን የሚደግፍ መልስ ሊሰጥ ይችላል። ግን ያንን ክርክር ማድረግ የሚቻለው ክፍያው በታሪኩ ውስጥ ሲኖር ብቻ ነው።

ሶሻል ሴኩሪቲ ከፍሎ የሞተ ወላጅ ልጅ፣ ወላጁ ሊያገኝ ይችል ከነበረው ጡረታ እስከ 75 በመቶ ይከፈለዋል፤ ወንድምና እህት ሲበዛ የቤተሰብ ጣሪያ አለውና ድርሻው ያንሳል። ክፍያው 18 ዓመት ላይ ይቆማል፤ ሃይስኩል ላይ ያለ እስከ 19 ይቀጥላል። ቀድሞ የኮሌጅ ተማሪ እስከ 22 ያገኝ ነበር፤ ያ በ1981 በወጣው ሕግ ቀስ በቀስ ቀረ። ስለዚህ በ1970ዎቹ አባቱ የሞተበት ተማሪ «በራሴ ተማርኩ» ካለ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው።

«ሠርቼ ተማርኩ» ለሚለው ደግሞ ሒሳቡን እዚያው ይሥሩት። የፌዴራል ዝቅተኛ ደሞዝ ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7.25 ዶላር ነው። በሳምንት 20 ሰዓት፣ ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን ሳይቀር ቢሠራ 7,540 ዶላር ይሆናል። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 7.65 በመቶ ሲቆረጥ 6,963 ይቀራል። የፔል ግራንት (ዝቅተኛ ገቢ ላለው የኮሌጅ ተማሪ የሚሰጥ፣ የማይመለስ የፌዴራል ገንዘብ) ጣሪያ ደግሞ በ2024–25 የትምህርት ዓመት 7,395 ዶላር ነበር። ከመንግሥት የሚገኘው ነጻ ገንዘብ ከዓመት ሙሉ ልፋት ይበልጣል ማለት ነው። ልጁ አልለፋም አይባልም። ልፋቱ ብቻውን ግን የኮሌጁን ወጪ ላይሸፍን ይችላል።

መዝገብ የሚገኘው ለአንዳንዱ ብቻ ነው። ለፌዴራል ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ከ5,000 ዶላር በላይ ካሰባሰበ የሀብት መግለጫ ያስገባል፤ ከ10,000 ዶላር በላይ የተማሪ ብድር ካለበት እዚያ ላይ ይታያል። ድርጅት ያለው ከሆነ በኮቪድ ጊዜ የወሰደው ፒፒፒ (ለድርጅቶች የተሰጠ፣ ሊሰረዝ የሚችል የመንግሥት ብድር) እና የተሰረዘለት መጠን በስም ይፋ ሆኗል። ፉድ ስታምፕና ፔል ግራንት ግን የግል ምስጢር ናቸው፤ ያለው መንገድ በስብሰባ ላይ ቆሞ በጨዋነት መጠየቅ ብቻ ነው። «ኮሌጅ ሲማሩ ከመንግሥት ያገኙት ነበር?» ይበሉ። «ድጎማ» የሚለውን ቃል አይጠቀሙ፤ ብዙዎች የወሰዱትን በዚያ ስም አያውቁትም።

ደግሞ ለመክሰስ አይቸኩሉ። ፔል ግራንት በዚህ ስም የተጠራው ከ1980 ጀምሮ ነው፤ በ1976 የተማረ ሰው «ፔል አልወሰድኩም» ቢል ላይዋሽ ይችላል፤ ያን ጊዜ ስሙ ሌላ ነበር። ፉድ ስታምፕም ከጥራዝ እየተቀደደ እንደ ገንዘብ የሚሰጥ የወረቀት ኩፖን ነበር። በ1980ዎቹ «ካርዱን ሳወጣ አፈርኩ» የሚል ታሪክ ካነበቡ ግን ትዝታው ተደበላልቆ ሊሆን ይችላል፤ ካርዱ በመላ አገሪቱ የተዳረሰው በ2004 ነው።

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ ለከተማ ምክር ቤት ሊወዳደር ነው። በስደት መጥተን ፉድ ስታምፕ በልተናል። እሱ ልጻፈው ይላል፤ እናቱ «ገመናችንን አታውጣ» ትላለች። ምን ይሻላል? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ የእሱ ድርሻ ይጻፍ፤ የእናቱ ግን በእሷ ፈቃድ ብቻ። ካልፈቀደች «ቤተሰቤ» ብሎም አይሸሽግ፤ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የራሱን ኮሌጅ ይጻፍ፣ ይበቃል።

መጀመሪያ ማስረጃውን ይሰብስብ። የወሰደው ግራንትና ብድር በፌዴራል የተማሪ እርዳታ ድረ ገጽ ላይ በራሱ መለያ ሲገባ ይታያል፤ በየዓመቱ ያገኘው ደሞዝ ደግሞ በሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ ላይ አለ። የፉድ ስታምፑን ወራት ከአካባቢው የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ መጠየቅ ይችላል። በትዝታ የተጻፈ ቁጥር ነው ኋላ ሰውን የሚያዋርደው፤ «ለጥቂት ወራት» ያለው ሁለት ዓመት ሆኖ ሲገኝ።

ከዚያ አጭር ይሁን። እናቱ ከፈቀደች ለምሳሌ፦ «ለ14 ወር ፉድ ስታምፕ ተቀበልን። ኮሌጅ በፔል ግራንት ገባሁ፤ ማታ ማታ ፓርኪንግ ሠራሁ።» ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ማንም ሰነፍ አይለውም። ስደተኞች የመጡበት የአውሮፕላን ቲኬት ብድርም ካለ ይግባ፤ ወለድ የሌለው ነው፣ በየወሩም ተከፍሏል። ዕቁቡም አይረሳ። የመጀመሪያ ታክሲያቸውን በዕቁብ ገዝተው «በራሴ» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ያ የሰው እጅ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳዩ ያላለቀ ዘመድ ካለ፣ ስለ እሱ ዕርዳታ ምንም ከመታተሙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠየቅ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የቤት ብድር ወለድ ከታክስ መቀነሱም የመንግሥት ዕርዳታ ነው ይለኛል። የራሴ ገንዘብ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ባለቤትዎ ትክክል ናቸው፤ እንደ እርስዎ የሚያስቡ ግን ብዙ ናቸው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲዋ ሱዛን ሜትለር በ2008 ጥናት ላይ ይህንን ቅናሽ ከተጠቀሙት 60 በመቶው «የመንግሥት ማኅበራዊ ፕሮግራም ተጠቅሜ አላውቅም» ብለው መልሰዋል። ፉድ ስታምፕ ከተቀበሉትም 25 በመቶው እንዲሁ ብለዋል። ቼክ ሆኖ ስላልመጣ አይታይም እንጂ፣ ለጎረቤት ተከራይ ያልተሰጠ ቅናሽ ነው።

እርስዎ ማግኘት አለማግኘትዎን ለማየት ያለፈውን ዓመት ታክስ ያውጡ። ሼጁል ኤ (ተቀናሾች አንድ በአንድ የሚዘረዘሩበት ቅጽ) ከሌለበት መደበኛውን ተቀናሽ ነው የወሰዱት፤ ከወለዱ ምንም አልተጠቀሙም። ካለበት መስመር 8ኤን ይመልከቱ፤ ባንኩ በፎርም 1098 ከላከልዎ ወለድ ጋር ይመሳከራል።