ለአንድ አይጥ አንድ ከረጢት

«ለማስተርስ ብራዚል ልሄድ ነው፤ የዱር አይጦች ላይና ሆዳቸው ውስጥ ያሉ ጥገኛ ተውሳኮችን እሰበስባለሁ፤ ምን ልጠንቀቅ?» ላልከው ወንድሜ። እኔ እዚያው ሠርቼ ጨርሻለሁ። አንድ ሙሉ ወር ግን የገዛ ስንፍናዬ በልቶብኛል።

1. ለአንድ አይጥ አንድ ከረጢት። ለእኔም ተነግሮኝ ነበር። አንድ ጠዋት ወጥመዱ ሞልቶ ከረጢት አለቀብኝ። ዝናቡ ይወርዳል። ያገለገለውን አራግፌ ሌላ አይጥ ከተትኩበት። ከዚያ ለመደብኝ። በኋላ የአንዱን ከረጢት ስፌት ገልበጥ ሳደርገው ቁንጫው ተደርድሮ ተኝቷል! ቅማል ከባለቤቱ ብዙም አይርቅም፤ ቁንጫ ግን ያገኘው ላይ ይሰፍራል። የቱን ቀን የቱን ከረጢት እንደደገምኩ ስላልጻፍኩ የወሩ ቁንጫ በሙሉ ከቆጠራ ወጣ። አማካሪዬ ሳህኑን አይቶ «ሾርባ ነው የሠራኸው» አለኝ። እስካሁን ያመኛል።

2. ፀጉሩ ውስጥ ትንሽ ጥንዚዛ ብታገኝ ተውሳክ ብለህ አትመዝግብ። አምብሊዮፒነስ ይባላል። ደም ይመጥጣል ሲባል ኖሮ፣ በ1987 እ.ኤ.አ. አሽና ቲም የሚባሉ ተመራማሪዎች ቁንጫ እንደሚበላ አሳዩ። ላቦራቶሪው ውስጥ ይህን የነገርኳቸው እኔ ነኝ፣ ልኩራበት።

ትሎቹን በሕይወት እያሉ ቀዝቃዛ አልኮል ውስጥ አትጣል፤ ተጠቅልለው ይቀራሉ። ለዲኤንኤ የምትፈልገውን ፎርማሊን አታስነካው። ኔክቶሚስ የሚባለውን የውሃ አይጥ ስትከፍት ደግሞ የጉበቱን ደም ሥር በደንብ እየው። ያው የእኛው ቢልሃርዚያ፣ ሺስቶሶማ ማንሶኒ አለበት። ከአፍሪካ በባሪያ መርከብ የተሻገረ ትል ነው። ወንዱ ሴቷን አቅፎ ሳየው የአገሬን ሰው ያገኘሁ መሰለኝ።

ፈቃዱን ቀድመህ ጨርስ። የሲስቢዮ፣ ማለት የብራዚል መንግሥት የዱር እንስሳት ናሙና መሰብሰቢያ ፈቃድ የሚሰጥበት ሥርዓት፣ ፈቃድ ሳትይዝ ወጥመድ አታጥምድ። ናሙና ወደ ውጭ ለመላክ ግን አንድ ቢሮ አምስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ሴትዮዋ ቀና እንኳ ሳትል «ፎቶኮፒው ደብዝዟል» ትለኛለች። በአምስተኛው ቀን ሌላ ሰው ተቀምጦ ነበር፤ ያንኑ ወረቀት አይቶ ማኅተም መታልኝ።

ከረጢቱን ከዚሁ አሰፍተህ ሂድ። አቡጀዴ ይሁን፣ ከ60 አያንስ። ልብስ ሰፊውን «ስፌቱን ወደ ውጭ አድርገው» በለው።