ጡቱን ለመውረጃው አቆዪለት

ጥያቄ፦ እንደምን ከረሙ? የምኖረው ሱሉልታ ነው። ወንድ ልጄ አምስት ወር ሞልቶታል። በሚቀጥለው ወር ባለቤቴ ወዳለበት ወደ ዋሽንግተን እንሄዳለን። የሁለታችንም የፓስፖርትና የቪዛ ጉዳይ አልቋል። እኔ ራሴ አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም። አማቴ «ጆሮው ይፈነዳል፣ ትንሽ ጠንከር ይበል» እያሉ እንቅልፍ ነሱኝ። ጎረቤቴ ደግሞ የሚያስተኛ ሽሮፕ ገዝቼ እንድሰጠው መከረችኝ። አብሮኝ የሚሄድ ሰው የለም። ምን ላድርግ?

የልጅ እናት፣ ከሱሉልታ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ የራሴ ጉዞ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ልጄ የአራት ወር ሕፃን ሳለች ታቅፌያት ከለገጣፎ ተነስቼ ፍራንክፈርት ሄጃለሁ። እኔም ብቻዬን ነበርኩ።

አማትሽ ስለ ጆሮው ማሰባቸው ትክክል ነው። ግን መፈንዳቱ እጅግ ብርቅ ነው። ብዙውን ጊዜ ያመዋል፣ ከዚያ ያልፋል። አንቺ ነገሩን በደንብ ታውቂዋለሽ። ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ ቁልቁለቱን ስትወርጂ ጆሮሽ ድፍን ይል የለ? ምራቅሽን ስትውጪ ደግሞ ይከፈታል። ከጆሯችን ውስጥ ወደ ጉሮሮ የምትሄድ ቀጭን ቱቦ አለች። ስንውጥ ተከፍታ አየሩን ታስተካክላለች። የሕፃን ቱቦ ጠባብ ናት። እሱ ደግሞ ምራቅህን ዋጥ ቢባል አያውቅም። ስለዚህ የሚውጠውን የምትሰጪው አንቺ ነሽ።

ትልቁ ቁም ነገር መቼ የሚለው ነው። እኔን ሁሉም ሰው «አውሮፕላኑ ሲነሳ አጥቢያት» አለኝ። ጠግባ እስክትተፋ አጠባኋት፣ ተኛች። ሊያርፍ ሲል እሪታዋን አቀለጠችው። ጡት ብሰጣት እምቢ አለች። ጎማው መሬት እስኪነካ ድረስ አለቀሰች፣ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። አጠገቤ ነጠላ የለበሱ እናት ነበሩ። የልጅ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ሲመላለሱ የኖሩ ናቸው። «ጡትሽን ለአሁን ማቆየት ነበረብሽ ልጄ» አሉኝ። ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አውሮፕላኑ 11 ሺህ ሜትር ቢወጣም ውስጡ ያለው አየር ታምቆ ስለሚያዝ ሰውነታችን የሚሰማው ከፍታ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ያለውን ያህል ነው። ድሪምላይነር የሚባለው የቦይንግ አውሮፕላን ከሆነ 1,800 አካባቢ ነው። ይህ ማለት ከአዲስ አበባ ስትነሺ የልጅሽ ጆሮ ብዙም ለውጥ አያይም። ዋሽንግተን ያለው የዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። የሱሉልታ ልጅ ያን ሁሉ ቁልቁለት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይወርዳል። «ሲነሳ አጥቢ» የሚለው ምክር ባሕር ዳርቻ ላለ ከተማ የተሰጠ ነው፣ ለእኛ አገር ሲሆን ይገለበጣል።

ሌላም አለ። ቦሌ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ለረጅም መንገድ የሚበቃ ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ወደ አሜሪካ ሲሄድ መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ የሚቀዳው ለዚህ ነው። ትኬት ስትቆርጪ ጠይቂ። የሚያርፍ ከሆነ መውረዱ ሁለት ጊዜ ነው፣ ጡቱም ለሁለት ጊዜ ይቆይለት።

አብራሪው መውረድ ጀመርን ሲል ልጅሽን ቀስቅሺው። የተኛ ልጅ አይቀሰቀስም ይባላል፣ አውቃለሁ። የዚያን ቀን ይቀስቀስ። ቀስ እያልሽ እስኪያርፍ ድረስ አጥቢው። ጡት እምቢ ካለ የታለበ የእናት ወተት በጡጦ፣ እሱም ከሌለ በደንብ የታጠበ ትንሽ ጣትሽን ይጥባ። ቢያለቅስም አትደንግጪ፣ ማልቀሱ ራሱ ጆሮውን ለመክፈት ያግዘዋል። ጉንፋን ይዞት ከሆነ ግን ከጉዞው ጥቂት ቀን አስቀድመሽ ሐኪም ጆሮውን ይየው። አፍንጫው ሲደፈን ያቺ ቱቦም ትደፈናለች።

ሽሮፑን እባክሽ ተዪው። ጎረቤትሽ በቅን ልብ እንዳለችሽ አልጠራጠርም። ግን እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት የሕፃን ትንፋሽ ሊያደክም ይችላል። ጭራሽ የሚያነቃቸውና የሚያቅበጠብጣቸው ልጆችም አሉ።

የቀረው ቀላል ነው። ትኬት ቢሮ ስትሄጂ «ባሲኔት» የሚሉትን የሕፃን አልጋ ከወዲሁ አስይዢ። የሚሰቀለው ከፊት ግድግዳ ያለበት ወንበር ጋ ብቻ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። የቀበቶ መብራት ሲበራ ልጁ ከአልጋው ይወጣና ለሱ የሚሆን ትንሽ ቀበቶ ከአንቺው ጋር ይታሰርለታል። ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አይገባም ቢሉሽም የሕፃን ወተት ይፈቀዳል፣ ፍተሻው ላይ አውጥተሽ አሳዪ። የክትባት ካርዱን፣ ዳይፐሩንና ለሁለታችሁም ቅያሪ ልብስ በእጅ ቦርሳሽ ያዢ። ቀጭን ጋቢ አትርሺ፣ ሌሊቱን ይበርዳል።

የምትበሪው ማታ ከሆነ ከሱሉልታ በዚያው ቀን አትነሺ። የእንጦጦ መንገድ ሲዘጋጋ ታውቂዋለሽ። ዘመድ ቤት ከተማ ውስጥ እደሪ። ሸኚ ተርሚናሉ ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ አማትሽ ከበሩ ወዲያ አብረውሽ የሉም። እሳቸው እያሉ ልጁን አጥቢው፣ ዳይፐሩን ቀይሪ።

ብቻዬን ነኝ ብለሽ አትስጊ። መጸዳጃ ቤት መሄድ ሲያምርሽ አጠገብሽ ያለችውን እናት «እባክሽ ያዢልኝ» በያት። የኛ ሰው ልጅ ሲያለቅስ እያየ ዝም አይልም። የሚያጉረመርም ቢኖር እንኳ አንገትሽን አትድፊ።

አንድ ነገር ለባለቤትሽ ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪው። አሜሪካ ሕፃን ታቅፎ መኪና ውስጥ መቀመጥ በሕግ ክልክል ነው። የሕፃን የመኪና መቀመጫ ገዝቶ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ አስሮ ይጠብቃችሁ።