ሎግ ቡኬ ውስጥ የቀረው ፎርም

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ልጅ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ አስቆመችኝ። 19 ዓመቷ ነው። አባቷን ከ20 ዓመት በላይ አውቀዋለሁ፣ ዲሲ ውስጥ ታክሲ ይነዳል። አብራሪ መሆን ትፈልጋለች። «ጋሼ፣ እርስዎ በረራ ሲማሩ ገንዘቡን ከየት አመጡት?» አለችኝ። «ሠርቼ ነዋ!» አልኳት። አመሰገነችኝና ወደ እናቷ ሄደች።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የነገርኳት ውሸት አልነበረም። ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገርኳት። ሠርቼ ያገኘሁት አልበቃኝም። አብራሪም አልሆንኩም፣ የአውሮፕላን መካኒክ ነው የሆንኩት። የጎደለውን የሚሞላ ገንዘብ ደግሞ አንድ ጊዜ በወረቀት ተጠቅልሎ እጄ ላይ ገብቶ ነበር። ለእሷ ያልነገርኳትን ለሁላችሁም ልጻፈው።

ያደግሁት ደብረ ዘይት ነው፣ ዛሬ ቢሾፍቱ የሚባለው። ጄት በላያችን ሲያልፍ የቤታችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። እናቴ ታማትባለች፣ እኔ ወደ ውጭ እሮጣለሁ። በሱዳን በኩል ተሰድጄ በ1991 ቨርጂኒያ ስገባ (ዓመቱን በፈረንጆች ነው የምቆጥረው፣ ለምጄዋለሁ) ያ ድምፅ አብሮኝ መጣ።

ዲሲ መሃል ፓርኪንግ ውስጥ ተቀጠርኩ፣ የሌሊት ፈረቃ። በሰዓት 5 ዶላር። ሁለት ዓመት ቆጥቤ ማናሳስ ካለው የአውሮፕላን ማረፊያ በረራ ጀመርኩ። አንድ ሰዓት መብረር ከነአስተማሪው 60 ዶላር ነበር። ስለዚህ አንድ ሰዓት ሰማይ ላይ ለመቆየት 12 ሰዓት የፓርኪንጉ ገንዘብ መቀበያ ቡዝ ውስጥ እቀመጣለሁ፣ ያውም የቤት ኪራይና ቀለብ ሳይቆጠር። ያን ሒሳብ የፓርኪንግ ቲኬት ጀርባ ላይ እየደጋገምኩ ስጽፍ ነበር የማድረው።

አውሮፕላኖቹ የሚያድሩበት ሃንጋር ውስጥ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ መካኒክ ነበሩ። ጡረታ ወጥተዋል፣ ግን ቤታቸው መቀመጥ አልቻሉም። ከመብረሬ በፊት ቤንዚን መፈተሽ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከክንፉ ሥር በትንሽዬ ጠርሙስ ቀድተው ወደ ፀሐይ ያነሱታል። ቤንዚኑ ሰማያዊ ነው። ውኃ ከገባበት ታች ላይ ተለይቶ እንደ መስታወት ፈርጥ ይቀመጣል። «ሳታየው አትነሳ» ይሉኝ ነበር። ዛሬም መኪናዬ ውስጥ ቤንዚን ስቀዳ እሳቸው ትዝ ይሉኛል።

በ1994 ኤፕሪል ላይ አንድ ቀን ከቱታቸው ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። በአካባቢው ያሉ አብራሪዎች ክበብ ለአንድ ተማሪ በየዓመቱ 1,000 ዶላር ይሰጣል። ለምን እንደሚያስፈልግህ አንድ ገጽ ጻፍ፣ ሁለት የድጋፍ ደብዳቤ አያይዝ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ላክ ይላል። «አንዱን ደብዳቤ እኔ እጽፍልሃለሁ» አሉኝ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ሥራ ገባሁ። ሌሊት መኪና ሲጠፋ ቡዙ ውስጥ ዘርግቼው ስሜን ጻፍኩ። አድራሻዬን ጻፍኩ። «ለምን ያስፈልግሃል?» የሚለው ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ።

ምን ብዬ ልጻፍ? እኛ ቤት ችግር ለጎረቤት አይነገርም። የሚጋገር ነገር ያልነበረ ቀን እናቴ ባዶውን ምድጃ ታነድ ነበር፣ ጭሱ ለሰው እንዲታይ። ዝም አይነቅዝም እየተባልኩ ነው ያደግሁት። አሁን ቁጭ ብዬ ለማላውቃቸው ፈረንጆች ገበናዬን ልዘርዝር? ጎበዝ ነኝ ብዬስ በገዛ አፌ ልመስክር? ሁለቱም አልወጣልህ አለኝ።

ሁለተኛውን ደብዳቤ ሊጽፍልኝ የሚችለው የፓርኪንጉ ኃላፊ ነበር። የሀገሬ ሰው ነው፣ ያከብረኛል። ግን ብጠይቀው «ይሄ ልጅ ሊለቅ ነው» ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞም የሰው እጅ ማየት መሰለኝ። ዛሬ ነገ ስል ወሩ አለቀ።

ሽማግሌው «ላክኸው?» ሲሉኝ «ከእኔ የባሰበት ይውሰደው» አልኳቸው። መልካም ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። ትንሽ አዩኝና ምንም ሳይሉ ወደ ሞተራቸው ተመለሱ። ጁላይ ላይ ነው የነገሩኝ። በዚያ ዓመት ማንም አላመለከተም። ገንዘቡ ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ።

ከእኔ የባሰበት ሰው አልመጣም ነበር። ማንም አልመጣም።

መስከረም ላይ እናቴ ታመመችና ያለኝን ሁሉ ወደ ሀገር ቤት ላክሁ። የበረርኩበትን ሰዓት የምመዘግብበት የሎግ ቡኬ የመጨረሻ መስመር 31.4 ሰዓት ይላል። ለግል አብራሪነት ፈቃድ ሕጉ የሚጠይቀው ቢያንስ 40 ነው። 1,000 ዶላር ለ60 አካፍሉት። ከ16 ሰዓት በላይ ይሆናል። ይህን ስሌት ስንት ጊዜ እንደሠራሁት አልነግራችሁም። ፎርሙ እዚያው 31.4 ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

ከሦስት ዓመት በኋላ የአውሮፕላን ጥገና ትምህርት ቤት ገባሁ። ያኔ 1,900 ሰዓት ነበር የሚያስተምሩት። እዚያ አንዲት የተማሪ አማካሪ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና ፋፍሳውን፣ ከመንግሥት የተማሪ ገንዘብ የሚጠየቅበትን ፎርም፣ አብራኝ ሞላች። አልጠየቅኋትም፣ ራሷ ናት የጠየቀችኝ። ፔል ግራንት የሚባለውን የመንግሥት እርዳታ አገኘሁ። 26 ዓመት አውሮፕላን ጠግኜ ልጆቼን አሳደግሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ። ሆኖም በእጄ የፈረምኩለት አውሮፕላን ሲነሳ ቆሜ ሳላይ የገባሁበት ቀን የለም።

ስለ ልመና ካነሳሁ ጆን ሮቢንሰንን ልጥቀስ። በ1935 ከቺካጎ መጥቶ በጣልያን ወረራ ጊዜ ለሀገራችን የበረረው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ከጦርነቱ በኋላም ተመልሶ የእኛን ልጆች አሠልጥኗል። በ1954 አዲስ አበባ ነው ያረፈው። ቺካጎ ውስጥ ጥቁር አንቀበልም ያለው የበረራ ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጥሮ፣ ወለል እየጠረገ ትምህርቱን ያዳምጥ ነበር ይባላል። ያ ሰው በር ሲዘጋበት በመጥረጊያ ገባ። እኔ የተከፈተልኝን በር በይሉኝታ ዘጋሁት።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ቀነ ገደብ አትለፉ፣ ፊደል አስተካክሉ የሚለውን ከሌላ ታገኙታላችሁ።

አሜሪካ ያላችሁ፣ ፋፍሳ ሙሉ። ግሪን ካርድ ያለው ይሞላል፣ ዜጋ መሆን ግዴታ አይደለም። ብዙ ወላጅ «ዕዳ ውስጥ ልታስገቡን ነው» ብሎ የታክስ ወረቀቱን ይደብቃል። ፋፍሳ መጠየቂያ እንጂ ዕዳ አይደለም። በእሱ በኩል የሚመጣው ፔል ግራንት አይመለስም። በ2024-25 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር። ግን ይህ ገንዘብ የትም አይከተላችሁም። ሁለት ሴስና፣ ማለት ትንንሽ አውሮፕላን፣ ያለው ትንሽ የበረራ ትምህርት ቤት ጥሩ ሊያስተምር ይችላል፣ የፌዴራል የተማሪ ገንዘብ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይቀበልም። በረራን የሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የኤፍ ኤ ኤ፣ ፈቃድ መያዙ ብቻ አይበቃም። ስትደውሉ «የፋፍሳ ኮዳችሁ ስንት ነው?» በሏቸው። ኮድ ከሌላቸው መልሱን አገኛችሁ።

ለዚህ ነው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ያላቸውን ፕሮግራሞች የምመክረው። ዲግሪው ሰዓትም ይቆጥባል። ከ2009 የቡፋሎ የአውሮፕላን አደጋ በኋላ በወጣው ሕግ አየር መንገድ ለመግባት 1,500 ሰዓት ያስፈልጋል። ከተፈቀደ የአቪዬሽን ፕሮግራም በባችለር የወጣ ግን በ1,000 ሰዓት ይገባል። የሁለት ዓመት ዲግሪ ያለው በ1,250። ያ ልዩነት ብዙ ብር ነው።

ከባንክ የግል ብድር ራቁ። እንደ እኛ ኅብረተሰብ በኮሳይነርነት፣ ለሌላ ሰው ብድር ዋስ ሆኖ በመፈረም፣ የተጎዳ የለም። ልጁ ትምህርቱን አቋርጦ አጎቱ የሚከፍልባቸውን ቤቶች አውቃለሁ። ለራሴ ልጅ ግን ፈርሜያለሁ። ልጅ ፊታችሁ ቆሞ ሲለምን ሌላ ነገር ነው። ቢያንስ መጀመሪያ ከፌዴራሉ መንግሥት የሚገኘውን ተጠቀሙ። እቁብ የደረሰው አባት ደግሞ ሙሉውን ገንዘብ አንድ ቀን ለትምህርት ቤቱ አያስረክብ። የተማሪ ገንዘብ እንደያዘ የተዘጋ የበረራ ትምህርት ቤት በዓይኔ አይቻለሁ። በበረራችሁት ልክ ክፈሉ። ከዚያም በፊት ፈርስት ክላስ ሜዲካል የሚባለውን የአብራሪ የጤና ምርመራ ተመርመሩ። ዓይናችሁ ቀለም መለየቱን 20 ሺህ ዶላር ካወጣችሁ በኋላ አትወቁት።

ስኮላርሺፕ አለ። በጣም አለ። ከ8 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ ኢ ኤ ኤ በሚባለው የበረራ ወዳጆች ማኅበር ያንግ ኢግልስ ፕሮግራም በነፃ ይበራል። የዚያው ማኅበር ሬይ ስኮላርሺፕ ከ16 እስከ 19 ዓመት ላሉት ነው፣ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ሊሰጥ ይችላል። የሚታጨውም በአካባቢያችሁ ባለው የማኅበሩ ቅርንጫፍ (ቻፕተር) በኩል ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሂዱ፣ ወንበር አንሱ፣ ስማችሁን ይወቁት። የአውሮፕላን ባለቤቶችና አብራሪዎች ማኅበር ኤ ኦ ፒ ኤ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ፍሬድሪክ ነው ያለው፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይሰጣል። በ1976 ጥቁር አብራሪዎች ያቋቋሙት ኦባፕ አለ። ለሴቶች ዊመን ኢን አቪዬሽን አለ፣ በ1929 የተመሠረተው ናይንቲ ናይንስም አለ። ብዙዎቹ አስቀድሞ አባል መሆንን ይጠይቃሉ። ለጥገና የሚማሩትም ተለይቶ የተቀመጠላቸው አለ፣ እሱን ደግሞ የሚያመለክተው ሰው ትንሽ ነው።

በዛሬ ልጆች ላይ ቅሬታ አለኝ። ለብቻው አንድ ቀን ሳይበር የካፒቴን ሸሚዝ ለብሶ ቲክቶክ ላይ የሚወጣ አያለሁ። ስለ ራሳችሁ ማውራት አብዝታችኋል እላለሁ። ይህን ብዬ ሳበቃ ያቺን ልጅ አስባለሁ። በሰው መሃል አንድ ሽማግሌ አስቁማ ስለ ገንዘብ ጠየቀች። እኔ በ1994 ያን አፍ ቢኖረኝ ኖሮ!

ደውዬ ጠራኋት። ቅዳሜ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ጽሑፏ «ከልጅነቴ ጀምሮ አቪዬሽን እወዳለሁ» ብሎ ይጀምራል። «መጀመሪያ አውሮፕላን ያየሽው የት ነው?» አልኳት። ትንሽ አሰበች። ትምህርት ሲዘጋ የሚጠብቃት ስለሌለ አባቷ ታክሲ ውስጥ ይዟት ይዞር ነበር። ሥራ ሲቀዘቅዝ ናሽናል አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ግራቭሊ ፖይንት ያቆማል። ከቤት የመጣውን ምሳ በአንድ ሳህን እየበሉ አውሮፕላኖቹ በጭንቅላታቸው ላይ ሲወርዱ ይቆጥራሉ።

«ይህን ጻፊው» አልኳት።

ላፕቶፗን ዝቅ አደረገችው። «ጋሼ፣ አባዬ ቅር ይለዋል። የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም ብዬ እንዴት ለሰው እጽፋለሁ?»

ምድጃውና ጭሱ ትዝ አሉኝ። ተነስቼ ሎግ ቡኬን አመጣሁና ፎርሙን ዘረጋሁላት። ስሜና አድራሻዬ፣ ከዚያ ባዶው። ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ራሷ ለአባቷ ደወለች። ስፒከር ላይ ነበር። የመኪናው ፍሬቻ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል። ዝም አለ፣ ዝም አለና «ጻፊው ልጄ። የእንቁላል ፍርፍሩንም ጻፊ» አላት።

አንዱን ደብዳቤ እኔ ጽፌላታለሁ። ሁለተኛውን የፊዚክስ አስተማሪዋን ማክሰኞ ትጠይቃቸዋለች። ከክፍል ስትወጣ ልትደውልልኝ ነው።