ኢንዛይም ጎድሎኝ ይሆን?

የአንባቢያን ጥያቄና የሐኪም መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ውስጥ ሦስቱ ምግብን ለመፍጨት ይረዳሉ ተብለው ስለሚሸጡ ኢንዛይሞች የሚጠይቁ በመሆናቸው በአንድነት አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ52 ዓመት ሴት ስሆን የምኖረው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። በዐቢይ ጾም ሽሮና ምስር በበላሁ ቁጥር ሆዴ እንደ ከበሮ ይነፋል፤ የሚወጣው አየርም ሥራ ቦታ ያሳፍረኛል። ጓደኛዬ አሥራ አምስት ዓይነት ኢንዛይም አለበት የተባለ እንክብል ሰጥታኝ ሁለት ሳምንት ብወስደውም ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላየሁም። ለስኳር ሕመሜ ሜትፎርሚን እወስዳለሁ። እንክብሉን ብቀጥል ይጎዳኛል? «ዕድሜሽ ሲገፋ ሰውነትሽ ኢንዛይም ማምረት አቁሟል» የተባልኩትስ እውነት ነው?

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሣ። የገለጹልኝ ምልክት ሰውነትዎ ኢንዛይም ማምረት ማቆሙን አያሳይም። ቅባትን፣ ፕሮቲንንና ስታርችን የሚፈጩት ኢንዛይሞች በብዛት የሚመነጩት ከቆሽት ነው። ቆሽት ደግሞ ከሚያስፈልገን በላይ አትረፍርፎ የማምረት አቅም ስላለው፣ የቅባት አለመፈጨት በግልጽ የሚታየው ከዚህ አቅም 90 በመቶ ያህሉ ከጠፋ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ጉድለት የደረሰበት ሰው ዋና ስሞታው አየር አይሆንም፤ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ሰገራው ቅባት የበዛበት፣ ክፉ ሽታ ያለውና በውሃ ለማስወገድ የሚያስቸግር ይሆናል።

ሽሮና ምስር በልተው የሚሆኑት ሌላ ነገር ነው። ጥራጥሬ ራፊኖስና ስታኪዮስ የሚባሉ ስኳሮች አሉት። እነዚህን የሚሰነጥቀው አልፋ-ጋላክቶሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም በሰው ትንሽ አንጀት ውስጥ በተፈጥሮም የለም፤ ስለዚህ ጎደለ ከተባለ የጎደለው ለእኔም ለጎረቤትዎም ጭምር ነው። ስኳሮቹ ሳይፈጩ ትልቁ አንጀት ሲደርሱ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ያብላሏቸዋል፤ ሊጥ ሲቦካ አረፋ እንደሚያወጣው ሁሉ ጋዝ ይፈጠራል። ይህ የጤናማ አንጀት ሥራ ነው፤ ቢያሳፍርም በሽታ አይደለም።

ከዚህ በመነሣት ስለ እንክብሉ ልንገርዎ። ለእርስዎ ችግር ሊረዳ የሚችለው አልፋ-ጋላክቶሲዴዝ ብቻ ነው። አስፐርጊለስ ናይጀር ከሚባል ሻጋታ የሚገኝ ሲሆን በአሜሪካ «ቢኖ» በሚል ስምና በሌሎችም ስሞች ለብቻው ይሸጣል። ጥቂት ሰዎች የተሳተፉባቸው ጥናቶች ጥራጥሬ ከተበላ በኋላ የሚመጣውን ጋዝ መቀነሱን አሳይተዋል። የሚወሰደው ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ነው፤ ሙቀት ስለሚያበላሸው ወጡ ውስጥ አብሮ አይበስልም፤ ከበሉ ከሰዓታት በኋላ ቢወስዱትም ትርጉም የለውም። አሥራ አምስት ዓይነት የያዘው ጠርሙስ ግን ከእያንዳንዱ ምን ያህል እንዳለው ብዙ ጊዜ አይገልጽም፤ «ልዩ ቅይጥ» ብሎ ጠቅላላ ክብደቱን በሚሊግራም ይጽፋል። የኢንዛይም ጉልበት ግን የሚለካው በክብደቱ ሳይሆን ሊሠራ በሚችለው ሥራ፣ ማለትም በዩኒት ነው። ዩኒቱ ያልተጻፈበትን ጠርሙስ እኔ አልገዛም።

በአሜሪካ በ1994 በወጣው የሰፕልመንት (የምግብ ማሟያ) ሕግ መሠረት አምራቹ ምርቱን ለገበያ ከማቅረቡ በፊት ፈዋሽነቱን ለምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ የማረጋገጥ ግዴታ የለበትም። ጠርሙሱ ላይ በትናንሽ ፊደል «ይህ አባባል በመሥሪያ ቤቱ አልተገመገመም» የሚል ቃል የሚያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። የመድኃኒትና የምግብ ማሟያ ጥራት መለኪያ የሚያወጣው የአሜሪካ ድርጅት የዩኤስፒ ማኅተም ያለበት ምርት በመለያው ላይ የተጻፈውን ነገር በትክክል መያዙ የተመረመረ ነው፤ ያም ቢሆን ማኅተሙ ለሕመምዎ ይበጃል ማለት አይደለም።

ጉዳቱን በተመለከተ፣ ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው እነዚህ እንክብሎች ከኪስ በቀር ብዙ አይጎዱም፤ አንዳንዱን ሰው ግን የሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ ወይም ማቅለሽለሽ ያስከትሉበታል። ጥንቃቄ የሚሻው ቅይጡ ውስጥ ያለው ነው። ከአናናስ የሚገኘው ብሮሜሌይን እንደ ዋርፋሪን ያለ የደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው የመድማት አደጋን ሊጨምር ይችላል። ከፓፓያ የሚገኘው ፓፔይን፣ እንዲሁም ከሻጋታ የሚገኙት ኢንዛይሞች፣ አለርጂ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። «ፓንክሪያቲን» የሚል ቃል ካዩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአሳማ ቆሽት የተገኘ ነውና፣ ጾምም ሆነ እምነት የሚጠብቅ ሰው ይህን አውቆ ይግዛ።

የስኳር ሕመም ስላለብዎት ሁለት ነገር ልጨምር። አልፋ-ጋላክቶሲዴዝ ሳይፈጭ ያልፍ የነበረውን ስኳር ወደሚመጠጥ ስኳር ስለሚለውጠው ደምዎ ውስጥ የሚገባው ስኳር በመጠኑ ሊጨምር ይችላል፤ አካርቦስ የሚባለውን የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ ሥራውን ሊያዳክምባቸው ስለሚችል ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ ሊወስዱት አይገባም። ሁለተኛው፣ ራሱ ሜትፎርሚን ሆድ የሚነፋና የሚያስቀምጥ መሆኑ ነው። ቀስ ብሎ የሚሟሟው ዓይነት ሆድን ያን ያህል ስለማያስቸግር፣ ኢንዛይም ከመግዛትዎ በፊት ስለ መቀየሩ ሐኪምዎን ያነጋግሩ።

በእርስዎ ቦታ ብሆን ደግሞ ከእንክብሉ ይልቅ ማዕዱን አየው ነበር። ወጡ የሚሠራበት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ስንዴም ቢሆን፣ ፍሩክታን የሚባል ሌላ ጋዝ ፈጣሪ ነገር አላቸው፤ አልፋ-ጋላክቶሲዴዝ ደግሞ ፍሩክታንን አይነካም። እዚያ አገር የሚጋገረው እንጀራ ብዙ ጊዜ የስንዴ ዱቄት ስለሚደባለቅበት፣ ጤፍ በላሁ ብለው ስንዴ እየበሉ ሊሆን ይችላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ የቆየ ሆድ ላይ አንድ ሰሃን ሙሉ ጥራጥሬ በአንድ ጊዜ ማሳረፍም ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። ምስርና ሽንብራን አድረው እንዲረጥቡ አድርጎ ውሃውን ደፍቶ በአዲስ ውሃ መቀቀል የራፊኖሱን መጠን ይቀንሰዋል። ሽሮ ላይ ይህ ስለማይሆን መጠኑን ማሳነስ ይሻላል።

ፋሲካ አልፎ ጥራጥሬው ሲቀንስ የሆድ መነፋቱም ከቀነሰ ጉዳዩ ከላይ ያልኩት ነው። ካልቀነሰ ግን እንክብል ሳይቀይሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ከ50 ዓመት በላይ በሆነች ሴት ላይ አዲስ የመጣና የማይለቅ የሆድ መነፋት አንዳንድ ጊዜ የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ምልክት ስለሚሆን መመርመር አለበት። ክብደት መቀነስ፣ ጥቁር ወይም ደም ያለበት ሰገራ፣ ለመዋጥ መቸገር ወይም የደም ማነስ ከታየ ደግሞ ጾሙ እስኪፈታ አይጠበቅም።

ጥያቄ፦ የ61 ዓመት አባታችን ለረጅም ጊዜ በቆየ የቆሽት መቆጣት ይሠቃያሉ፤ የሚኖሩት አዲስ አበባ ነው። ሐኪም ክሪዮን የሚባል የቆሽት ኢንዛይም እንክብል አዞላቸው ወንድሜ ከውጭ ይልክላቸዋል። ከአሳማ እንደሚሠራ ከሰሙ ወዲህ ግን እምነታችን አይፈቅድም ብለው ተዉት፤ ቀድሞም ቢሆን የሚወስዱት ምግብ ከጨረሱ በኋላ ነበር። ክብደታቸው ወደ 60 ኪሎ ወርዷል። በዕፅዋት ኢንዛይም ብንተካላቸውስ?

መልስ፦ የአባትዎ ጉዳይ ከፊተኛዋ ጠያቂ ፈጽሞ የተለየ ነው። እዚህ ላይ ኢንዛይሙ በእርግጥ ጎድሏል፤ ካልተተካም ምግቡ ሳይመጠጥ ያልፋል፣ ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ የሚባሉት በቅባት የሚሟሙ ቫይታሚኖችም አብረው ይባክናሉ። ክብደታቸው የወረደው በዚህ ሊሆን ይችላል።

የሰሙት እውነት ነው፤ ክሪዮንም ሆነ በአሜሪካ በሐኪም ማዘዣ የሚሰጡት ተመሳሳይ መድኃኒቶች ሁሉ ከአሳማ ቆሽት የሚገኙ ናቸው። ከዕፅዋትና ከሻጋታ የሚሠሩት እንክብሎች ደግሞ ለዚህ ሕመም እኩል ምትክ መሆናቸው አልተረጋገጠም፤ ይህን ባልነግርዎ አባትዎን እበድላለሁ። ሕይወትን ለመጠበቅ የሚወሰድ መድኃኒት በእምነታቸው እንዴት እንደሚታይ የሃይማኖት አባታቸውን እንዲጠይቁና መልሱን ይዘው ከሐኪማቸው ጋር እንዲወስኑ እመክራለሁ። በቤተሰብ ግፊት እንዲውጡት ማድረግ ወይም ሳይነግሩ ምግብ ውስጥ መደባለቅ ግን ተገቢ አይደለም።

ለመውሰድ ከወሰኑ አወሳሰዱ መስተካከል አለበት። ኢንዛይሙ ከምግቡ ጋር እኩል አንጀት መድረስ ስላለበት፣ የመጀመሪያው እንክብል ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር፣ የቀረው በማዕዱ መካከል ይወሰዳል። በአውሮፓ መመሪያዎች አዋቂዎች ለዋና ምግብ ከ40,000 እስከ 50,000፣ ለመክሰስ ደግሞ ግማሹን የላይፔዝ (ቅባትን የሚፈጨው ኢንዛይም) ዩኒት ይዘው ይጀምራሉ። የአሜሪካው የመድኃኒት መግለጫ የሚያስቀምጠው ጣሪያ በአንድ ማዕድ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 2,500 ዩኒት ነው፤ ለአባትዎ 150,000 ይሆናል ማለት ነው። ጣሪያው የተቀመጠው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከፍተኛ መጠን ይወስዱ በነበሩ የሲስቲክ ፋይብሮሲስ (ሳንባንና ቆሽትን የሚጎዳ በዘር የሚተላለፍ በሽታ) ሕሙማን ልጆች ላይ የትልቁ አንጀት መጥበብ ስለታየ ነው።

እንክብሉ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ፍሬዎች ከጨጓራ አሲድ የሚከላከል ሽፋን ስላላቸው አይታኘኩም፣ አይደቆሱም። መዋጥ ቢያቅታቸው እንክብሉ ተከፍቶ እንደ ተፈጨ ፖም ባለ ጎምዘዝ ያለ ለስላሳ ምግብ ላይ ተነስንሶ ወዲያው ይዋጣል፤ በወተት ወይም በትኩስ አጥሚት ግን አይሆንም፣ ሽፋኑ ይሟሟል። ከውጭ በሻንጣ የሚመጣ ስለሆነ ሙቀትና እርጥበት እንዳያገኘው፣ ከራሱ ጠርሙስም እንዳይወጣ ያድርጉ። የሪህ ሕመም ካለባቸው ለሐኪሙ ይንገሩ፤ መድኃኒቱ በብዛት ሲወሰድ ሪህን የሚያስነሣውን ዩሪክ አሲድ ሊጨምር ይችላል። መጠጥና ሲጋራ ካለ ግን እነሱን ሳያቆሙ ቆሽቱን ማዳን አይቻልም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ወተት ስጠጣ ያስቀምጠኛል። የላክቴዝ ክኒን ዕድሜ ልክ ብወስድ አንጀቴ ይሰንፋል?

መልስ፦ አይሰንፍም። ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ ከእነዚህ ሁሉ ጥሩ ማስረጃ ካላቸው አንዱ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ432/2012 ደንቡ፣ ላክቶስ ካለበት እያንዳንዱ ምግብ ጋር ቢያንስ 4,500 የኤፍሲሲ ዩኒት (ጠርሙሱ ላይ FCC ተብሎ የሚጻፈው የኢንዛይም ጉልበት መለኪያ) እንዲወሰድ የሚያዝ ምርት ላክቶስን ለመፍጨት ይረዳል ብሎ እንዲያስተዋውቅ ፈቅዷል። የአብዛኛው የዓለም ሕዝብ ላክቴዝ ከልጅነት በኋላ ይቀንሳል፤ ያም ሆኖ ብዙዎች 12 ግራም ላክቶስ፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ወተት ያህል፣ ያለ ብዙ ችግር ይችላሉ። እርጎ ሲረጋ የላክቶሱ መጠን ይቀንሳል፣ ንጥር ቅቤም ከላክቶስ ነጻ ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ክኒኑን ለማኪያቶና ለአይስክሬም ቢያስቀምጡት ይበቃል። ወተት ሲጠጡ ሽፍታ የሚወጣብዎት፣ ከንፈርዎ የሚያብጥ ወይም ትንፋሽ የሚያጥርዎት ከሆነ ግን ያ አለርጂ ነውና ክኒኑ አይረዳዎትም።