ወባ በጠፋበት ወቅት ስላይድ ለምታነቡ

በደሴና በኮምቦልቻ፣ በከሚሴና በባቲ ማይክሮስኮፕ ላይ ለምትውሉ ልጆቼ ነው የምጽፈው። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት የደም ስላይድ፣ ማለትም የደም ጠብታ የተቀባበትን መስታወት፣ ሳነብ ነው።

ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ቆላው ላይ ወባ ሲበረታ ለእናንተ ብዙም አልሰጋም። ያኔ ዓይን ንቁ ነው። እንዲያውም የማቅለሚያ ዝቃጩን ወባ ነው ሊል ይችላል። የምሰጋው ለበጋው ነው፤ ደጋ ለሆነችው ለደሴ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ። ነጌቲቭ፣ ነጌቲቭ፣ አሁንም ነጌቲቭ። እጅ ከዓይን ቀድሞ መጻፍ ይጀምራል።

አብሽሩ፣ ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ጀረሚ ዎልፍ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ሰዎችን ከተዝረከረከ ምስል ውስጥ አንድ ዕቃ አስፈለጉ። ዕቃው በግማሾቹ ምስሎች ውስጥ ሲኖር ያመለጣቸው 7 በመቶ ገደማ ነበር። ከመቶ ምስል በአንዱ ብቻ ሲኖር ግን 30 በመቶ አመለጣቸው። ፈላጊው ተስፋ ስለሚቆርጥ ቶሎ «የለም» ብሎ ያልፋል።

ድካም ሌላ ነገር ነው። ኖርማን ማክዎርዝ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጥናት፣ ነጠላ ነገር ላይ አፍጥጦ የሚጠብቅ ሰው ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በኋላ ማስተዋሉ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጥናቱ የተነሣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የራዳር ጠባቂዎች ችግር ነው። ለድካም ቡና ጠጥቶ መመለስ ይበጃል። የሚፈለገው ነገር ብርቅ ሲሆን ግን ዕረፍት ብቻውን አይበቃም። «በጥንቃቄ ሥሩ» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፍማ ጭራሽ!

የሚበጀው እንዲህ ነው። ደሙ ወፈር ብሎ በተቀባበት በወፍራሙ ቅብ ላይ 100 ፊልድ (በማይክሮስኮፑ በአንድ ጊዜ የሚታየው ክብ ቦታ) ሳትቆጥሩ ነጌቲቭ አትበሉ። በግምት ሳይሆን በመቁጠሪያ። ጓደኛችሁ የታወቀ ፖዘቲቭ ስላይድ ሳይነግራችሁ ይቀላቅልባችሁ፤ በኮድ ይሁን፣ የበሽተኛ ውጤት ሆኖ እንዳይወጣ። ኤርፖርት ላይም ሻንጣ ፈታሾችን የውሸት መሣሪያ በኤክስሬይ ምስሉ ላይ እያስገቡ ይፈትኗቸዋል።

ደሴ ላይ የምታገኟት ያቺ አንዷ ፖዘቲቭ ብዙ ጊዜ ከመንገድ የመጣች ናት። ለሰሊጥ ሥራ መተማና ሁመራ ወርዶ የተመለሰ ጎልማሳ ያመጣታል። የምርመራ ወረቀቱ ላይ ከየት እንደመጣ ካልተጻፈ ወጥታችሁ ራሱን ጠይቁት።