እንባሽን ለአምስተኛው ሜዠር አቆዪው

ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ የጠየቅሽኝ ሦስት ነገር ነው፦ ብሉዝና የብራዚል ሙዚቃ መቀላቀሉን ልተወው ወይ? ተበድሬ የጃዝ ድምፅ ዲግሪ ልማር ወይ? እናቴስ «ነርሲንግሽን ጨርሺ፣ አዝማሪነት የት ያደርስሻል» ሲሉኝ ምን ልበላቸው?

መምህርሽ «አንዱን ምረጪ» ማለታቸው አልተዋጠልኝም። ሳክስፎኒስቱ ስታን ጌትዝና ጊታሪስቱ ቻርሊ በርድ የብራዚልን ሙዚቃ በጃዝ የቀዱት እዚያው አጠገብሽ፣ ዋሽንግተን ውስጥ፣ በፌብሩዋሪ 1962 በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው።

ቅጂሽን ሰማሁት። ድምፅሽ ደህና ነው፤ የሚያጋጭሽ ምቱ ነው። ቦሳ ኖቫ፣ ያ የምትወጂው የብራዚል ስልት፣ አንዱን ምት እኩል ለሁለት ይከፍላል። ስዊንግ ያለው ብሉዝ ለሦስት ከፍሎ የፊተኛውን ያስረዝማል። ጊታሩ እኩል እየሄደ ድራመሩ ራይዱ (ትልቁ የብረት ሳህን) ላይ ስዊንግ ሲመታ አንቺ መሀል ትንጠለጠያለሽ፤ ሰው ደግሞ «ዘፋኟ ሳተች» ይላል። ከመቁጠርሽ በፊት «ቦሳ ነው፣ ስዊንግ የለም» በያቸው፤ ኖታው ራስጌም ጻፊው።

ሌላው፣ የብሉዝ ኖታ (ለሐዘኑ ሲባል ዝቅ የሚደረገውን ድምፅ) በየቦታው ትበትኛለሽ። በጂ የተጻፈ ባለ 12 ሜዠር (አራት አራት ምት የሚይዝ ክፍል) ብሉዝ ያዢ፣ ምት ቆጣሪውን ሜትሮኖም በደቂቃ 120 አድርጊው። መጀመሪያው ሜዠር ላይ ቢ ፍላት (ከቢ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለውን) ስትዪ የጂ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ውስጥ ካለው ቢ ጋር ይጋጫል፤ እንዲህ በለሰለሰ አጨዋወት ላይ ደግሞ ግጭቱ ስሕተት ይመስላል። አምስተኛው ላይ ኮርዱ ወደ ሲ7 ሲዞር ግን ያው ቢ ፍላት የኮርዱ ልጅ ነው። የፊተኞቹን አራት ሜዠሮች ማይኩን አስጠግተሽ፣ ድምፅሽን ሳታንቀጠቅጪ ዝፈኚ፤ እንባሽን ለአምስተኛው አቆዪው።

ናፍቆት የሚለውን የፖርቱጋልኛ ቃል «ሳውዳዴ» አትበዪ፤ የሪዮ ሰው «ሳውዳጂ» ነው የሚለው። ፊደላችን ከእንግሊዝኛው የተሻለ ይይዝልሻል።

ብድሩን ተዪው። የምግብ ቤት ምሽት ሦስት ጊዜ 45 ደቂቃ ከሆነ 30 ያህል ዘፈን ይፈልጋል፤ አንቺ የዘረዘርሽው 11 ነው። የጎደለሽ 19 ዘፈን ነው፣ ሁሉም በራስሽ ኪይ (ለድምፅሽ በሚመች ከፍታ) የተጻፈ። ናይለን ክር ያለው ጊታር ገዝተሽ አውራ ጣትሽ ቤዙን፣ ሦስቱ ጣቶች ኮርዱን እንዲይዙ ተለማመጂ። ቤቱ 400 ዶላር ቢከፍል ለአራት ሰው መቶ መቶ ነው፤ ለብቻሽ ግን አራት መቶ። ይህ ምክር ከኋላ ቆመን ዘፋኝ የምናጅብ የእኛ የሙዚቀኞች አድልዎ ነው ብትዪኝ አልከራከርሽም።

እናትሽ ስለ ገቢ የሚሉት ልክ ነው፤ ነርሲንጉን ጨርሺ። «አዝማሪ»ን ግን እንደ ስድብ አትቀበዪው፤ ማሲንቆውን እየመታ ግጥም እዚያው የሚፈጥር ባለሙያ ነው። የወንድምሽን የመኪና ዕዳ በየወሩ ከደሞዝሽ ስትከፍዪ ዝም ያሉ እናት፣ የጊታር ዋጋ ላይ ለምን ይቆጣሉ? ይህን ራስሽ ጠይቂያቸው።

ቀጣዩን ቅጂ ያለ ድራመር ላኪልኝ።